ንብረት ከሆነ ለምን ተቃጠለ? ቆሻሻ ከሆነ ለምን አስያዘ? (ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ)

ለተከበረው የዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ተመራቂዎች በዶርም ትተውት የሚሄዱትን ዕቃ ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ጽሕፈት ቤታችሁ እኛን የሚያውቀን በስም ሳይሆን በቁልፍ ነው። ከወንዶች ብሎኮች በአንዱ ከደረጃው ሥር፣ ቀድሞ መጥረጊያና መወልወያ ይቀመጥባት የነበረች መስኮት የሌላት ክፍል አለች። ላለፉት አራት ዓመታት ቁልፏ በእኛ፣ በበጎ አድራጎት ክበቡ የዕቃ ክፍል አባላት እጅ ነበር። ሥራችን ውስብስብ አይደለም። ሰኔና ሐምሌ ላይ ተመራቂ የተወውን ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ጋዋን፣ ሃንድአውት እንሰበስባለን። የሚታጠበውን እናጥባለን። ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ አዲስ ተማሪ ሲገባ ለሌለው እንሰጣለን። አበል የለንም፣ ማኅተም የለንም፤ ያለን ያ ቁልፍ ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ቁልፉ አልከፈተም። ጓጉንቸሩ ተቀይሮ ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ በመዝገብ ቤት በኩል ጽፈናል። «ገቢ ሆኗል» ተብሎ ማኅተም ከተመታበት ቀሪ ኮፒ በስተቀር እጃችን የገባ ነገር የለም። ቢሮ ድረስም መጥተናል፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለን ተመልሰናል። ሦስተኛውን ደብዳቤ ሁሉም ሰው በሚያነበው ቦታ የጻፍነው ከዚህ በኋላ ነው።

የሆነውን እናስታውሳችሁ። በሰኔ መጨረሻ በየብሎኩ መግቢያ የተለጠፈው ማስታወቂያ ከምረቃው ማግስት ጀምሮ በ48 ሰዓት ውስጥ ዶርም እንዲለቀቅ ያዝዛል። ቀጥሎም ከዚያ በኋላ በየክፍሉ የሚገኝ ማንኛውም ዕቃ «የዩኒቨርሲቲው ንብረት ሆኖ ይወገዳል» ይላል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተሳቢ ያለው ትራክተር ከብሎክ ብሎክ ዞረ። የተጫነው ሁሉ ከካፌው ጀርባ ወዳለው ጉድጓድ ተገለበጠና እሳት ተለቀቀበት። ሁለት ቀን ጨሰ። የፕላስቲክ ሳፋና ጀሪካን ሲቃጠል ምን እንደሚሸት በዚያ ሳምንት ለመውጫ ፈተና ድጋሚ የሚዘጋጁ ልጆች ይነግሯችኋል፤ መስኮት ዘግተው ነበር የሚያጠኑት። ከደረጃ ሥር ያለችው ክፍላችንም አልቀረላትም። ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ በማዳበሪያ ታስሮ የነበረው ብርድ ልብስ ሁሉ ከሌላው ጋር ተጭኖ ሄደ።

ቅሬታችን ብርድ ልብስ ስለተቃጠለብን ብቻ አይደለም። በተራ እናስረዳ።

አንደኛ፣ ማስታወቂያው ራሱን በራሱ ያፈርሳል። የተተወው ዕቃ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው ካልን፣ የመንግሥት ንብረት እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚወጣ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ንብረት ክፍል ውስጥ አንዲት ወንበር እንኳን በሞዴል 19 (በገቢ ደረሰኝ) ትገባለች፣ በሞዴል 22 (በወጪ ደረሰኝ) ትወጣለች። አገልግሎቷ ሲያበቃ ኮሚቴ ተቀምጦ፣ ቃለ ጉባዔ ተይዞ ነው የምትወገደው። የእኛ ተመራቂ የተወው ባልዲ በየትኛው ሞዴል ገባ? ማን ፈረመለት? ገቢ ያልሆነ ዕቃ በአንድ ማስታወቂያ ንብረት ሆኖ፣ በሦስተኛው ቀን ያለ ቃለ ጉባዔ ወደ እሳት የሚገባበትን መመሪያ ብታሳዩን እናነበዋለን። የለም፣ ቆሻሻ ነው ከተባለ ደግሞ ቆሻሻን በማንሳት ሰው ሊጠየቅ አይገባም። ነገር ግን ሰው ተጠይቋል።

የሴቶችን ብሎኮች የሚያጸዱ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት አሉ። በዚህ ግቢ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ፈተና በደረሰ ጊዜ ሌሊት የሚያጠኑ ልጆች ኮሪደር ላይ እንቅልፍ ሲጥላቸው ነጠላቸውን ያለበሱ ሴት ናቸው። ትራክተሩ በመጣበት ቀን ማታ በዋናው በር ሲወጡ ጥበቃ ፈተሻቸው። በፌስታላቸው ውስጥ አንድ ያረጀ ብርድ ልብስ፣ እጀታው የተሰበረ ባልዲና ሁለት ጥንድ ሸበጥ ተገኘ። ዕቃውን ያገኙት ተሳቢው ላይ ሊጫን ከተከመረው ነው። የሰጠቻቸው ተመራቂም አለች፤ ደውለንላት «እኔ ነኝ ውሰጂው ያልኳት» ብላለች። ሆኖም «የዩኒቨርሲቲውን ንብረት ያለ መውጫ ፈቃድ ይዘው ሲወጡ» በሚል ቃላቸውን እንዲሰጡ ተደረገ። ጉዳያቸው ለጽዳት አገልግሎቱ አሠሪ ተጻፈ። እሳቸውም ለሦስት ሳምንት ከሥራ ቆመው ደመወዛቸው ተያዘ። ባልዲው የት ሄደ? በማግስቱ ጉድጓዱ ውስጥ ተቃጠለ። ማለትም ንብረት የሆነው ከበሩ እስከ ጥበቃው ጠረጴዛ ባለችው ርቀት ላይ ብቻ ነበር።

የሕግ ተማሪ የሆነ አባላችን በዚህ ላይ የሚያነሳው ነጥብ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ዕቃ ባለቤት ልሁን ብሎ የያዘ ሰው ባለቤቱ ይሆናል ይላል። ባለቤቱ «ውሰጂው» ብላ የሰጠችውማ ክርክር እንኳን የለውም፤ ስጦታ ነው። እኛ ፍርድ ቤት የመሄድ ሐሳብ የለንም። ግን አንዲት እናት በሸበጥ ጉዳይ «ተጠርጣሪ» ተብለው ሲጻፍባቸው ጽሑፉን ያረቀቀው ሰው ይህን አለማወቁ ያሳስበናል።

ሁለተኛ፣ ዶርም ውስጥ የቀረ ሁሉ የተተወ አይደለም። ይህ ዘንድሮ ከተፈጸሙት ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ከተጀመረ ወዲህ «ተመራቂ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ተቀይሯል። ትምህርቱን ጨርሶ ፈተናውን ያላለፈ ልጅ ድጋሚ ሊፈተን ይመለሳል። ዕቃውንም አብሮት ለሚማር ወይም ለጎረቤት ዶርም አደራ ብሎ፣ ወይም ሎከሩን ቆልፎ ይሄዳል። ወደ ቤት ሻንጣ ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም፤ ሻንጣው በር ላይ ሲታይ ሰፈሩ ሁሉ ይጠይቃል። ከብሎካችን አንድ ልጅ እንዲህ ሎከሩን ቆልፎ ሄዶ ነበር። ሎከሩ በፌሮ ተገንጥሎ ተከፈተ። ውስጡ የአራት ዓመት ማስታወሻ ደብተሮቹ፣ ለድጋሚ ፈተናው ሊያነባቸው ያስቀመጣቸው ሞጁሎችና የእናቱ ጋቢ ነበሩ። ደብተሮቹ ተቃጥለዋል። ጋቢው ማን ጋ እንዳለ አናውቅም።

ሌላዋ በሁለተኛ መንፈቅ ዓመት ታማ ዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ፎርም) የሞላች ተማሪ ናት። ፎርሟ ላይ እንደምትመለስ ተጽፏል፤ የፈረመበትም ይህ ጽሕፈት ቤት ነው። ስትመለስ አልጋዋ ሌላ ሰው ይዞታል። ዕቃዋን ስትጠይቅ ፕሮክተሯ (የዶርም ተቆጣጣሪዋ) «ማስታወቂያ አላየሽም?» አለቻት። ማስታወቂያው የተለጠፈው ብሎኩ መግቢያ ላይ ነው፤ እሷ ያኔ ሆስፒታል ነበረች።

እንዲህ የሚሆነው አማራጭ ስለሌለ ነው እንዳይባል አንድ ነገር እናስታውስ። በመጋቢት 2012 ኮቪድ ሲገባ ተማሪ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሸኝ አብዛኛው «በሁለት ሳምንት እንመለሳለን» ብሎ ነበር የወጣው። ከዚያ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዶርሞቻቸውን ለይቶ ማቆያ አደረጉ፤ የእኛም እንዲሁ። ያኔ የነበሩ ፕሮክተሮች የእያንዳንዱን ልጅ ዕቃ በማዳበሪያ አድርገው፣ በማርከር ስምና የዶርም ቁጥር ጽፈው መማሪያ ክፍሎች ውስጥ ደረደሩት። አንዳንዶቹ ዛሬም እዚሁ ይሠራሉ፤ ጠይቋቸው። ሁሉም ዕቃ አልተመለሰም፣ ጥቂት የጠፋም ነበር፤ ግን ከወራት በኋላ ተመልሶ ማዳበሪያውን ያገኘ ተማሪ ብዙ ነው። በዚያ ጭንቅ ጊዜ የተቻለ ነገር በሰላሙ ሐምሌ እንዴት አቃተ?

ሦስተኛ። እዚህ ላይ ትንሽ እንድንቆይ ፍቀዱልን፤ የክበቡ ሥራ ሁሉ የተነሳው ከዚህ ነው።

በየዓመቱ አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ስትጠሩ በማስታወቂያችሁ ላይ የምትጽፉት ዝርዝር አለ። የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ከዚያ «ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዛችሁ እንድትቀርቡ» ይላል። አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ የሚጽፈው እንዲሁ ስለሆነ ለእናንተ የተለመደ መስመር ነው። የተማሪ ምደባ ግን በመላ አገሪቱ ነው። ከጋምቤላ የመጣ ልጅ እዚህ ደጋ ላይ ጥቅምት ሌሊት ምን እንደሚጠብቀው በምን ያውቃል? በእሱ አገር ሌሊት የሚያስፈልገው አጎበር ነው። ካቻምና በአንድ ፌስታል ቅያሪ ልብስ ብቻ ይዞ ገባ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች ጃኬቱንና ሁለት ሱሪ ደራርቦ በባዶ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ተኛ። ለማንም አልተናገረም። ያየው የዶርም ጓደኛው ነው ወደ እኛ ያመጣው። ሰማያዊ ባለ ነብር ብርድ ልብስ ሰጠነው፤ ከዚያ በፊት የአንድ የጅጅጋ ልጅ ነበር፣ ከእሱ በፊት ደግሞ የማን እንደነበር መዝገባችን አይናገርም። ልጁ ዛሬ ሦስተኛ ዓመት ነው፣ ባለፈው ሐምሌም ከእኛ ጋር ብርድ ልብስ ሲያጥብ ነበር። ያጠበው ሁሉ ሲጫን ቆሞ አይቷል።

ለምን ዕቃ ትተው ይሄዳሉ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ከግዴለሽነት ነው የሚል ሐሳብ በአንድ ስብሰባ ላይ ከአንድ ኃላፊ ሰምተናል። እኛ ያየነው ሌላ ነው። ቤተሰብ ለምረቃ አበባ ይዞ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በማግስቱ ሌሊት ወደ መናኸሪያ መሄድ አለ። ሞያሌ የሚሄድ ሰው ባልዲ ተሸክሞ አይሄድም። ረዳቱ ከአንድ ሻንጣ በላይ ለሆነው ሁሉ ሒሳብ ይጠይቃል፤ ለብርድ ልብሱ የሚጠየቀው ሒሳብ አንዳንዴ ከብርድ ልብሱ ዋጋ አይተናነስም። ለቀናት ክሊራንስ (ከየክፍሉ ዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫ) ለማስፈረም ከላይብረሪ ካፌ፣ ከካፌ ስፖርት ክፍል፣ ከስፖርት ክፍል ፕሮክተር ሲሮጥ የከረመ ልጅ የመጨረሻውን ቀን ዕቃ ለማደል አያውለውም። ለሚያስፈልገው ሰው መስጠት ይፈልጋል፤ የሚሰጠው ሰው ግን ገና አልመጣም። ተቀባዩ የሚገባው ከሦስትና አራት ወር በኋላ ነው። የእኛ ክፍል ሥራ በእነዚህ ወራት መካከል ዕቃውን ማቆየት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከሴቶች ብሎኮች የሚገኘውን ሴት አባሎቻችን ይነግሯችኋል። ከሁሉም ያናደዳቸው ያልተከፈተ ሞዴስ መቃጠሉ ነው። ተመራቂዎች ትተውት የሚሄዱትን እሽግ በአንድ ካርቶን ያጠራቅሙና መግዛት ለማትችል ተማሪ ማንም ሳያይ ይሰጡ ነበር። ካርቶኑ ላይ ምን እንደሆነ በትልቁ ተጽፏል። የጫነው ሰው አላነበበም ወይም አንብቦ ግድ አልሰጠውም።

አራተኛ፣ የተሰጠን ምክንያት ትኋን ነው። በጽሑፍ አይደለም፤ የሁለተኛው ደብዳቤያችን መልስ የት ደረሰ ብለን ስንጠይቅ አንድ ሠራተኛ በቃል የነገሩን ነው። «የተተወ ብርድ ልብስ ትኋን ያራባል፣ ጤና ጣቢያውም ሥጋቱን ገልጿል» አሉን። ምክንያቱን አንንቅም። ልንደብቀው የማይገባ ጥፋትም አለብን። ሥራውን በጀመርንበት ዓመት ሳናጥብ የሰጠናቸው ብርድ ልብሶች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር ትኋን ወደ አንድ ዶርም ገብቶ ልጆቹ ለሳምንታት ሲያኩ ከርመዋል። ይቅርታ ጠይቀናል። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ደህና ደህናውን ዕቃ ለራሳቸው የመረጡ ሁለት አባላት ነበሩን፤ አሰናበትናቸው። መዝገብ መያዝ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለ ትኋን የተማርነውን ግን እንናገር፣ ዋጋ ከፍለንበታልና። ትኋን ደም ሳያገኝ ወራት መቆየት ይችላል። ስለዚህ ብርድ ልብስን በማዳበሪያ አስሮ እስከ ጥቅምት ማስቀመጥ ትኋኑን ክረምቱን ማሳደር ነው እንጂ መግደል አይደለም። የሚገድለው ሙቀት ነው። በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ በታጠበ ጨርቅ ላይ ትኋኑም እንቁላሉም አይተርፍም። የእከክ ተባይ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል፤ ከሰው ገላ ከተለየ ሁለት ሦስት ቀን ቢሰነብት ነው። እኛ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ የካፌ ሠራተኞችን እየለመንን፣ ትልቁ ብረት ድስት ሥራ በሚፈታበት ሰዓት ውሃ አፍልተን በበርሜል ነው የምንዘፈዝፈው። ከዚያ ወዲህ ቅሬታ አልመጣብንም።

ደግሞ ትኋን የሚኖረው የት ነው? በፍራሹ ስፌት፣ በተደራራቢው አልጋ መገጣጠሚያ፣ በግድግዳው ስንጥቅ። ዘንድሮ ብርድ ልብሱ ተቃጠለ፤ ፍራሹ፣ አልጋውና ስንጥቁ ግን እንዳሉ ቀሩ። የተፈላ ውሃ ያለፈበትን አቃጥሎ ያላለፈበትን ለአዲስ ተማሪ ማንጠፍ የጤና እርምጃ ተብሎ ሲጠራ፣ ጤና ጣቢያው በትክክል ምን ብሎ እንደጻፈ ማየት እንፈልጋለን።

አምስተኛ፣ ስለ ቀሪው በአጭሩ። የላብራቶሪ ጋዋን አንዴ ተገዝቶ ለአንድ ተማሪ ብቻ የሚያገለግል ዕቃ አይደለም። ካልኩሌተር፣ ቲ-ስኩዌርና የንድፍ ሰሌዳ እንዲሁ፤ እኔ ራሴ አንደኛ ዓመት ላይ የሠራሁበት ቲ-ስኩዌር ስሙ የተቧጨረ የሌላ ሰው ነበር። ሃንድአውትና ወርክሺት ተቃጥሎ ተማሪው በማግስቱ ያንኑ ገጽ ሊያባዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሰለፋል። ፕሮክተሮች በየዓመቱ የሚወርሷቸው የኤሌክትሪክ ስቶቮች የት እንደሚደርሱም እንጠይቃለን፤ ክልክል መሆናቸውን እንቀበላለን፣ ለአደጋ እንደሚያጋልጡም እናውቃለን፣ የተወረሰው ዝርዝር ግን ተለጥፎ አይተን አናውቅም።

ምናልባት የእኛ ሐሳብ እንግዳ መስሎ ታይቶ ይሆናል። በዚህ አገር ግን ጀሪካን ሲጣል ማን አይቶ ያውቃል? ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ ያለፈበት ሚስማር እንኳን አይቀርም። ልዋጭ ይዞ የሚዞረው ልጅ በአሮጌ ጫማ ሳፋ ይሰጣል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ከበርሜል ምጣድ፣ ከጎማ ሸበጥ ሲወጣ ታያላችሁ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከዓላማዎቹ አንዱ ከቆሻሻ ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ ጥቅም ያለው ሀብት መፍጠር እንደሆነ ይናገራል። ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ የሚያስተምር ተቋም ባልዲ ሲያቃጥል ማየት ይከብዳል። በአሜሪካ የኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ ዶርም ሲለቀቅ የሚቀረውን ሰብስበው፣ ክረምቱን አቆይተው፣ አዲስ ተማሪ ሲገባ በርካሽ ይሸጡለታል፤ ሥራውም በራሱ ገቢ ይንቀሳቀሳል። እነሱ የሚሰበስቡት ፍሪጅና ሶፋ ነው። እኛ ለሽያጭ የሚሆን ነገር የለንም፣ የምንለምነውም ከደረጃ ሥር ያለች ክፍል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። «በነፃ ተምራችሁ፣ በነፃ ተኝታችሁ» የሚለው አባባል በቢሮዎቻችሁ ደጋግመን የምንሰማው ነው። የወጪ መጋራት ቅጽ ላይ ያልፈረመ ተመራቂ ክሊራንስ እንደማያገኝ እናንተው ታውቃላችሁ። የወጪ መጋራት ደንቡ የምግብና የመኝታ ወጪን በሙሉ በተማሪው ስም ዕዳ አድርጎ ይመዘግባል። ከገባንበት ቀን ጀምሮ ለአልጋችን እየተቆጠረብን ነው፤ ሎከራችን በፌሮ ሲገነጠል ዝም እንድንል የሚያደርግ ውለታ የለብንም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

1. እትዬ ላይ የተጻፈው ደብዳቤ በጽሑፍ እንዲነሳ፣ ለአሠሪያቸውም እንዲገለጽ፣ የተያዘው የሦስት ሳምንት ደመወዛቸው እንዲከፈላቸው። ይህ ከሁሉ ይቅደም። ሌላው ጥያቄያችን ሁሉ ውድቅ ቢሆን እንኳን ይህ መፈጸም አለበት።

2. የክሊራንስ ፎርም ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «በዶርም የምተወው ዕቃ አለ/የለም፤ ካለ ለክበቡ/ለጽዳት ሠራተኞች/ለተገለጸው ሰው ሰጥቻለሁ» የሚልና ፊርማ ያለበት። ፕሮክተሩ ለክሊራንስ ሲፈርም ያንንም ያያል። ወጪው የአንድ መስመር ቀለም ነው። ጥበቃውም በር ላይ የሚያየው ወረቀት ይኖረዋል፣ እናቶችም በፌስታል ምክንያት አይሳቀቁም።

3. ድጋሚ ፈተና የሚጠብቁ፣ ዊዝድሮዋል የሞሉና ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) የሚጠብቁ ተማሪዎች ዕቃ በስማቸው ታስሮ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ምዝገባ ድረስ እንዲቀመጥ። የተቆለፈ ሎከር ባለቤቱ በስልክ ሳይጠየቅ አይከፈት፤ የሁሉም ስልክ ሬጅስትራር አለ። ዘንድሮ ሎከራቸው ለተገነጠለባቸው ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊነቱን በጽሑፍ ይቀበል።

4. ከደረጃ ሥር ያለችው ክፍል ቁልፍ ይመለስልን። ቁልፉን ብቻችንን እንያዝ አንልም፤ አንዱ ፕሮክተር ጋ፣ አንዱ እኛ ጋ ይሁን፣ መዝገቡንም በየወሩ ማየት የፈለገ ይየው። ከሴቶች ብሎኮች በአንዱም ተመሳሳይ ክፍል ይፈቀድ፤ ሴት አባሎቻችን እስካሁን በወንዶች ብሎክ በር ላይ ቆመው ነው ዕቃ የሚያስረክቡት።

5. በሐምሌ ለሁለት ሳምንት፣ በቀን ለሁለት ሰዓት፣ የካፌው ትልቁ ድስትና ማገዶ ወይም እንፋሎት እንዲፈቀድልን። ሳሙናውን እኛ እናዋጣለን።

6. አዲስ ገቢዎች ሊጠሩ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው፤ ዘንድሮ የምንሰጠው ብርድ ልብስ የለም። የተቃጠለውን እናንተ እንድትተኩ እንጠይቃለን። መዝገባችን ላይ ታጥበው የነበሩ 71 ብርድ ልብሶች፣ 40 አንሶላዎችና 58 ባልዲዎች ሰፍረዋል፤ መዝገቡን ለማሳየት ዝግጁ ነን። ይህ ካልተቻለ በጥሪ ማስታወቂያው ላይ «ብርድ ልብስ» ከሚለው ቃል አጠገብ ከተማው ምን ያህል እንደሚበርድ ጻፉ። ከቆላ የሚመጣው ልጅ ቢያንስ አውቆ ይምጣ።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ቢቻል ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት እንጠብቃለን። ለመነጋገር ከጠራችሁን ክፍል ባለን ሰዓት እንኳን አስፈቅደን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር

የበጎ አድራጎት ክበብ የዕቃ ክፍል ተጠሪ፣ የ5ኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ
(በዕቃ ክፍሉ አባላት ስም)

ግልባጭ፦
ለአስተዳደር ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት
ለንብረት አስተዳደር ክፍል
ለተማሪዎች ጤና ጣቢያ
ለተማሪዎች ኅብረት
ለእትዬ (በእጅ የሚሰጥ)